በተወለድኩበት ዓመት የታተሙ የልጆች መጻሕፍትን እንዴት ልሰብስብ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ በትክክል ምንድን ነው?

በተወለዳችሁበት ዓመት ከማተሚያ ቤት የወጡ የልጆች መጻሕፍትን እየፈለጉ ማሰባሰብ ነው። በቃ። ግን ሁለት ዓይነት ሰብሳቢ አለ። የትኛው እንደሆናችሁ ገና ከጅምሩ ብትወስኑ ገንዘብም ጊዜም ትቆጥባላችሁ።

አንደኛው የሚፈልገው ታሪኩን ነው። ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በልደት ዓመቱ ይሁን እንጂ፣ እጁ የገባው ኮፒ ባለፈው ወር የታተመ ቢሆንም ግድ የለውም። ሁለተኛው የሚፈልገው ዕቃውን ራሱን ነው። ያ ወረቀትና ያ ቀለም በዚያ ዓመት ከማሽን የወጣ መሆን አለበት። ታሪኩ ከዚያ በፊት 50 ዓመት የኖረ ቢሆንም ችግር የለም።

እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ታሪኩን ማንም ሰው በአዲስ ኅትመት ሊያገኘው ይችላል። የእኔ እኩያ የሚሆነው ኮፒው ነው። ከዚህ በታች ያለው መልስ አብዛኛው አንድ ኮፒ መቼ እንደታተመ ስለማወቅ የሚያወራውም ለዚህ ነው።

የተወለድኩበት ዓመት ስል በየትኛው አቆጣጠር?

ይሄ የእኛ ራስ ምታት ነው። አንዱ የእኛ ዓመት በሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ ያርፋል። በጥቅምት 1972 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ 1979 ላይ ይውላል። በየካቲት 1972 ዓ.ም. የተወለደው ደግሞ 1980 ላይ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ትደምራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ 8።

በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ከሆነ ዓ.ም. የሚለውን እንዳለ ውሰዱት። የውጭ መጽሐፍ ከሆነ ቀይሩት። ጃፓኖችም የራሳቸው አላቸው፤ አንዳንድ መጽሐፋቸው ላይ ዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም ይጻፋል። ሸዋ 40 የሚል ካገኛችሁ 1925 ደምሩበት፤ 1965 ይመጣል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ውስጡ 1965 ይላል። በ1965 ታተመ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የሚገኘው ዓመት ብዙውን ጊዜ የቅጂ መብት ዓመት ነው። መጽሐፉ 30 ጊዜ ቢታተም ያ ቁጥር አይነካም። ስለዚህ ከስሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። የእንግሊዝ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ ቁልጭ አድርገው ይጽፉታል፦ መጀመሪያ የታተመው በ1955፣ በድጋሚ በ1957፣ በ1960። የእናንተ ኮፒ የመጨረሻው ዓመት ነው።

አሜሪካኖች ደግሞ የቁጥር መስመር ይጠቀማሉ። ከ10 እስከ 1 የተደረደሩ ቁጥሮች ታያላችሁ። አንዳንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴ ጎዶሎው በአንድ ወገን ሙሉው በሌላ ወገን ሆኖ። ከመካከላቸው ትንሹ ቁጥር ስንተኛው ኅትመት እንደሆነ ይነግራችኋል። 1 ካለ የመጀመሪያው ነው፤ ትንሹ 4 ከሆነ አራተኛው። በየኅትመቱ አንድ ቁጥር ከማተሚያው ሰሌዳ ላይ ይፋቅ ስለነበር ነው። 78 79 80 81 ዓይነት ነገር ካያችሁ ደግሞ እሱ ዓመት ነው፤ ከቀሩት ትንሹ የታተመበት ዓመት ነው። ራንደም ሃውስ የተባለው አሳታሚ ብቻ ለረጅም ጊዜ ወጣ ያለ ልማድ ነበረው፤ የመጀመሪያ እትም ብሎ ይጽፍና መስመሩን ከ2 ይጀምር ነበር። 2 አይታችሁ ሁለተኛ ኅትመት ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት።

በ1942 የተጀመረው የሊትል ጎልደን ቡክስ ተከታታይ፣ ያ ጎኑ ወርቅማ የሆነው፣ የራሱ ዘዴ አለው። ከ1947 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ የመጨረሻው ገጽ ቀኝ ግርጌ ላይ፣ ከማሰሪያው ሥር፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ትታተም ነበር። ኤ የመጀመሪያ ኅትመት፣ ቢ ሁለተኛ፣ እያለ ይቀጥላል። ፊደሏ ትንሽ ናት፤ ማሰሪያው ሊሸፍናትም ይችላል። ገጹን በደንብ ገለጥ አድርጉት።

ሌዲበርድ የሚባሉት የእንግሊዝ ትንንሽ መጻሕፍት ከሁሉም ያስቸግራሉ። ውስጣቸው የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው ያለው፤ ዳግም ኅትመት መሆናቸውን ብዙ ጊዜ አይናገሩም። የሚያጋልጣቸው ዋጋው ነው። ለአሥርት ዓመታት 2 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ነበሩ። እንግሊዝ በየካቲት 1971 ሽልንግን ትታ ወደ አዲሱ ፔኒ ገባች። ስለዚህ ውስጡ 1959 ብሎ ዋጋው በአዲሱ ፔኒ ከሆነ፣ ኮፒው ከ1971 ገደማ ወዲህ ነው። በወረቀት ጃኬት ተጠቅልለው የሚመጡት ደግሞ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የታተሙት ናቸው።

በእንግሊዝኛ ያልሆኑ መጻሕፍትስ?

እንዲያውም ይቀላሉ። የሶቪየት ኅብረት መጽሐፍ ካገኛችሁ መጨረሻውን ገጽ ግለጡ። ለፊደል ለቀማ የተሰጠበት ቀን፣ ለኅትመት የተፈረመበት ቀን፣ ስንት ኮፒ እንደታተመና ዋጋው ሁሉ ተደርድሮ ይገኛል። ሩሲያኛ ባታነቡም ቁጥሮቹ ይናገራሉ። የጃፓን መጻሕፍትም ልክ እንዲሁ መጨረሻቸው ላይ የኅትመቱን ቀንና ስንተኛ ዙር እንደሆነ ይጽፋሉ።

የፈረንሳይ መጽሐፍ ከሆነ ከኋላ በኩል ታትሞ ያለቀበትን ቀንና ለመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኮፒ የገባበትን ጊዜ ፈልጉ። አንድ ሌላ ምልክትም አለ። ፈረንሳይ በሐምሌ 16 ቀን 1949 ለወጣቶች የሚታተሙ ጽሑፎችን የሚመለከት ሕግ አወጣች። የልጆች መጻሕፍት ያን ሕግ በስሙና በቀኑ ይጠቅሳሉ። የሕጉ ስም ካለበት ኮፒው ከ1949 በፊት ሊሆን አይችልም።

ምንም ዓመት ያልተጻፈበት ከሆነስ?

እዚህ ላይ መርማሪ መሆን ነው። አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ካለው ከ1970 ገደማ ወዲህ ነው፤ እንግሊዞች ባለ 9 አኃዙን ቀዳሚ ቁጥር የጀመሩት በ1967 ነው። ቁጥሩ 13 አኃዝ ከሆነ ኮፒው ከ2007 አካባቢ ወዲህ ነው። ባርኮድ ካለው 1960ዎቹን እርሱት። የአሜሪካ አሳታሚ አድራሻ ባለ 5 አኃዝ የፖስታ ቁጥር (ዚፕ ኮድ) ከያዘ ከ1963 በኋላ ነው።

የጀርባ ሽፋኑ ላይ የሌሎች መጻሕፍት ዝርዝር ካለ እሱም ይጠቅማል። ከተዘረዘሩት ውስጥ በጣም ዘግይቶ የወጣውን ፈልጉ፤ የእናንተ ኮፒ ከእሱ አይቀድምም።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን በእጅ የተጻፈው ነው። ለእገሊት፣ ከአክስትሽ፣ ታኅሣሥ 1968 የሚል የስጦታ ጽሑፍ ካለ መጽሐፉ ቢያንስ በዚያ ቀን በሕይወት ነበር። ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን ጉድለት ብለው ዋጋ ይቀንሱለታል። ለእኛ ግን የልደት ሰርተፊኬት ነው። አትፋቁት።

በዓመቴ የወጡትን ርዕሶች ከየት አገኛለሁ?

ከሽልማት ዝርዝር ጀምሩ። የአሜሪካው ኒውበሪ ከ1922፣ ለሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠው ካልዴኮት ከ1938፣ የእንግሊዙ ካርኔጊ ከ1936 ጀምሮ በየዓመቱ ተመዝግበው አሉ። የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ግን ብዙም አይረዳችሁም፤ ለደራሲው ጠቅላላ ሥራ እንጂ ለአንድ ዓመት መጽሐፍ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኒውበሪና ካልዴኮት የሚታወጁት ባለፈው ዓመት ለወጡ መጻሕፍት ነው። የሞሪስ ሴንዳክ ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር የተባለው የሥዕል መጽሐፍ የወጣው በ1963፣ ካልዴኮት ያገኘው በ1964 ነው። ስለዚህ በ1963 የተወለደ ሰው የ1964ን ዝርዝር ማየት አለበት። ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ሽፋኑ ላይ የሜዳሊያው ምስል አብሮ የታተመበት ኮፒ ከሽልማቱ በኋላ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ኅትመት ላይ ሊኖር አይችልም፤ ያኔ ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ የለም።

ሌላው መንገድ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ነው። ወርልድካት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ዓመቱንና የልጆች መጽሐፍ የሚለውን መርጣችሁ ብትፈልጉ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት የትየለሌ ርዕስ ይወጣል። በብዙ ቋንቋ ለሚሰበስብ ሰው ሙኒክ ያለው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አለ። ዬላ ሌፕማን በ1949 የመሠረተችው ነው፤ ካታሎጉን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ርዕሱ በሁለት አገር በተለያየ ዓመት ከወጣ የቱን እንደምትቆጥሩ የእናንተ ውሳኔ ነው። ትንሹ ልዑል በ1943 ኒው ዮርክ ላይ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ወጣ፤ ፈረንሳይ አገር ለገበያ የበቃው ግን በ1946 ነው። ለሁለቱም ዓመት ልጆች ይበቃል።

ሽልማት ያገኙትን ብቻ ልሰብስብ?

እኔ አልመክርም። ታዋቂዎቹ ዛሬም እየታተሙ ስለሆነ አይጠፉም። ዓመቱን በደንብ የሚያሳዩት ተራዎቹ ናቸው። የፊደል መማሪያው፣ ወደ ሐኪም ቤት ስለመሄድ የሚያወራው፣ አባባ የት ነው የሚሠሩት የሚለው። እዚያ ውስጥ ያለው ስልክ፣ የእናትየው ቀሚስ፣ የቴሌቪዥኑ አንቴና ሳይታሰብ የተመዘገበ ታሪክ ነው። ዋጋቸውም ይረክሳል።

የት ይገኛሉ?

ኢንተርኔት ላይ ኤብቡክስና ኢቤይ ትልልቆቹ ናቸው። ኤብቡክስ ላይ የኅትመት ዓመትን ከዚህ እስከዚህ ብሎ መገደብ ይቻላል። ሻጩ ያስገባው ዓመት ግን የቅጂ መብቱ ዓመት ሊሆን ስለሚችል እሱን ብቻ አትመኑ። ከዚያ ውጭ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች፣ ቤተ መጻሕፍት የሚያስወግዷቸው መጻሕፍት፣ ቤት የሚለቁ ሰዎች። ዘመዶቻችሁንም ጠይቁ፤ የእናንተው የልጅነት መጽሐፍ የሆነ ካርቶን ውስጥ ሊኖር ይችላል።

የመጀመሪያ እትም የግድ ነው?

አይደለም። ዓመቱ ከገጠመ አምስተኛው ኅትመትም የእናንተ እኩያ ነው። የመጀመሪያ እትም የሚያባብለው ለሌላ ዓይነት ሰብሳቢ ነው፤ ዋጋውም ለእሱ የተቆረጠ ነው።

ሻጩ ይዞታው ጥሩ ነው ይላል። ልመነው?

በዚህ ንግድ ውስጥ ጥሩ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም። በሙያው ልማድ ከላይ አዲስ የሚመስል፣ ቀጥሎ በጣም ጥሩ፣ ከዚያ ጥሩ፣ ከዚያ ደህና፣ መጨረሻ ላይ ደካማ ይባላል። ጥሩ ማለት የተለበሰ፣ ያረጀ፣ ግን ገጹ ያልጎደለ ማለት ነው። ለልጆች መጽሐፍ ያ ይበቃል፤ ልጅ እጅ ገብቶ ያልተነካ መጽሐፍ ብርቅ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የርዕሱን ገጽ፣ የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ ጠይቁ። ፎቶ ለመላክ የሚያመነታ ሻጭን ተዉት። ገጽ መጉደሉንም አጣሩ። የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ 30 ብቻ ከቆጠራችሁ አንድ ቅጠል ወልቋል። በተለይ መሐል ላይ፣ ስቴፕሉ ወይም ስፌቱ ያለበትን ተመልከቱ፤ በመጀመሪያ የሚላቀቀው እሱ ነው። ሲገለጥ የሚነሣ ሥዕል ወይም የሚጎተት ወረቀት ካለው እያንዳንዱ መሥራቱን ጠይቁ።

ወረቀት ጃኬት ካለው አትጣሉት፤ በዋጋ ረገድ ከመጽሐፉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ጃኬቱ ላይ ዋጋ ከሌለና የኋላው ጠንካራ ሽፋን ታች ጥግ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት ካለ፣ ምናልባት ለመጽሐፍ ክበብ አባላት የታተመ ርካሽ ኮፒ ነው።

አሮጌ መስሎ የተሠራ አዲስ ኅትመትን በምን እለያለሁ?

አሳታሚዎች የድሮ መጽሐፍን ከነመልኩ እንደገና ያትማሉ፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሻጩ ሳይናገር ሲቀር ነው ችግሩ። ማጉያ መነጽር ያዙና ሥዕሉን ተጠግታችሁ እዩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ ሠዓሊዎች ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ሉህ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ጥቁሩ ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ፣ ቢጫው ለብቻ። ማሽኑ ላይ ትንሽ ከተዛነፈ የልጅቷ ቀይ ጉንጭ ከመስመሩ ወጥቶ ጸጉሯ ላይ ይፈስሳል። ጥቁሩ መስመር ግን ጥርት ያለ፣ ያልተቆራረጠ ነው። ከአሮጌ ኮፒ ላይ ፎቶ ተነሥቶ የታተመ ከሆነ ያ ጥቁር መስመር ራሱ በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ሁለት ገጽ በቀለም፣ ቀጣዮቹ ሁለት በጥቁርና ነጭ የሆኑ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ጉድለት አይደለም። ወጪ ለመቆጠብ ከትልቁ ወረቀት አንዱን ፊት ብቻ በቀለም ያትሙ ነበር፤ ሲታጠፍ እንደዚያ ይሆናል።

ለልጄ ላነብለት እችላለሁ?

ማንበብ ትችላላችሁ፤ አፉ ውስጥ ግን አይክተተው። በድሮ የኅትመት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ በ2008 የልጆች ምርቶች ደኅንነት ሕግ ስታወጣ፣ የአሮጌ መጻሕፍት ጉዳይ አከራክሮ ከ1985 በኋላ የታተሙ ተራ መጻሕፍት ያለ ስጋት እንዲሸጡ ተፈቀደ። የእናንተ ዓመት ከዚያ በፊት ከሆነ ድዱ ለሚያሳክከው ሕፃን አትስጡ። ለትልቁ ልጅ ችግር የለውም፤ ሲጨርስ እጁን ይታጠብ።

ሌላው ይዘቱ ነው። አፍሪካውያንን የሚያንቋሽሽ ሥዕልና ቃል በድሮ የልጆች መጻሕፍት ውስጥ ሞልቷል። በሮአልድ ዳል ቻርሊና የቸኮሌት ፋብሪካው የ1964 እትም ውስጥ የፋብሪካው ሠራተኞች ከአፍሪካ ጫካ የመጡ ድንክዬ ጥቁሮች ነበሩ። ተቃውሞ ሲበዛ በ1973 እትም ተቀየረ። ስለዚህ የዓመታችሁ ኮፒ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ያሉትን እሰበስባለሁ፤ ለልጅ ግን መጀመሪያ ለብቻዬ ሳላነብ አላነብም።

እንዴት ላስቀምጣቸው?

ፀሐይ የማያገኛቸው፣ ርጥበት የሌለበት ቦታ። የአየሩ ርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ጓዳም ጣሪያ ሥርም አይሆንም። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፤ ትልልቅና ስስ የሆኑትን አስተኟቸው። ገጹ ቢጫ የሚሆነው በወረቀቱ ውስጥ ባለው አሲድ ነው። አሲድ የሌለው ወረቀት በሰፊው የገባው በ1980ዎቹ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው መጻሕፍት ቢጫ መሆናቸውን መቀበል አለበት።

የተቀደደን ገጽ በስኮች አትለጥፉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሙጫው ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይበላዋል፤ ማስለቀቁም ከባድ ነው። ጃኬቱን የምትሸፍኑት በፖሊስተር ፕላስቲክ ይሁን፤ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል።

ነፍሳት ያለበት መጽሐፍ ከመጣላችሁ በደንብ በሚታሸግ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ፣ ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ሙሉ በሙሉ ሳይሞቅ ላስቲኩን አትክፈቱ፤ አለበለዚያ ውሃ ይቋጥርበታል። እስከዚያው ከሌሎቹ ጋር አታገናኙት።

ያተርፋል?

እምብዛም። በጣም ታዋቂ ርዕስ፣ የመጀመሪያ ኅትመት፣ ጃኬቱ ያለ፤ ሦስቱ ካልተገናኙ ለትርፍ አትግዙ።

ዘንድሮ ለተወለደ ሕፃን ምን ልስጥ?

ዘንድሮ የታተመ የልጆች መጽሐፍ። ሁለት ኮፒ ግዙ፤ አንዱን ይቅደደው፣ ሌላውን ወላጆቹ ያስቀምጡለት። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን ግን እዩት፤ የአዲስ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የዘንድሮ አይደለም። የስጦታ ቃል ስትጽፉ ቀኑን ከነዓመቱ አስገቡ፣ ዓ.ም. ይሁን የፈረንጅ ለዩት፣ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ጻፉት።